ከባቡሯ ላይ የተነቀለው ስም

ይድረስ ለውድ አባቴ ለአቶ ገብረማርያም፣
ደብረ ታቦር።

አባባ፣ እንደምን ከርመዋል? እንደምን ሰንብተዋል? የደጋው ብርድ እንዴት ይዞዎታል? ወገብዎን ያ የጥቅምት ውርጭ ተመልሶ አልያዘዎትም? ዓይንዎስ እንዴት ነው፣ አሁንም የመርፌ ቀዳዳ ያያሉ ወይስ እታለም ካሰች ናት ክሩን የምታሾልክልዎ? እምዬ የሻረግ ጉልበቷ እንዴት ነው? አክስቴ አየሁሽ ያ ሳሏ ለቀቃት? በሬዎቹ፣ ጥቁሯ ላም፣ ደጃፍ ላይ ያለው ወይራ፣ ሁሉም ደህና ነው? እኔ ልጅዎ ሸጋው ከናፍቆታችሁና ከመተማ ሐሩር በቀር፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ ምንም አልሆንኩ። ሐሩሩ ግን ቀልድ አይደለም፤ ጠዋት የሞረዱትን ነሐስ ቀትር ላይ በባዶ እጅ አያስነካም።

ደብዳቤዎን የጨው ነጋዴው ሐሚድ ባለፈው ሳምንት አመጣልኝ። «ወንድምህን ሽንፋ ላይ ተኩሰው ገደሉት ብለውን ለቅሶ ተቀመጥን፤ ያን ማኅተም አስይዤ የገደልኩት እኔ ነኝ» ከሚለው ቦታ ስደርስ ወረቀቱ ከእጄ ወደቀ። አባባ፣ ሌላውን ሁሉ ከመናገሬ በፊት ይህን ይስሙ፤ ደምለው አልሞተም። አልሞተም! ይህን ስጽፍ ከጀርባዬ አልጋ ላይ ተጋድሟል፤ ወባው ለቀቅ ስላደረገው ራበኝ፣ አሁንም ራበኝ እያለ ያስቸግረኛል። ለእምዬ ቶሎ ይንገሯት፤ ማቋን ታውልቅ። ለለቅሶው የተቀቀለው ንፍሮ እንደሆነ ተበልቷል፤ ለሰፈሩ ምጽዋት ሆኖ ይቆጠርልን።

እንዴት እንደተያዘና እንዴት እንደወጣ በዝርዝር ልንገርዎ፤ የማመሰግናቸው ሰዎች አሉና እርስዎም አብረውኝ እንዲያመሰግኑልኝ ነው። መሪጌታ ሰጠኝ እንደ ወትሮው እያነበቡልዎ ከሆነ ቀስ ብለው ያንብቡ፤ ዘለው እንዳያልፉ። ደብዳቤውን የሚያደርሰው ሐሚድ ነው፣ የታመነ ሰው ነው። እርስዎ ግን ሰምተው ሲጨርሱ እሳት ያግቡት።

ደምለው በኅዳር ወር እርስዎ የላኩልኝን የመቅረጫ ብረቶች፣ ያንንም የሞቱትን ባላባት የቆየ ማኅተም ለመለማመጃ እንዲሆነኝ ይዞልኝ ሲመጣ፣ ሽንፋ ወንዝ መሻገሪያ ላይ የጣሊያን አስካሪዎች ፈተሹት። ማኅተሙ ላይ አንበሳ አዩ። አንበሳ ያለበት ማኅተም በአገልግሉ ይዞ ቆላ የሚወርድ ሰው ለእነሱ የአርበኞች መልእክተኛ ነው እንጂ የማኅተም ቀራጭ ልጅ ነው ብሎ ማን ያምናል? እሱም የዋህ ሆኖ «የአባቴ የእጅ ሥራ ነው» አለ። «አባትህ ማነው? የትስ ነው?» ሲሉት ነው የባነነው። ከዚያ በኋላ አፉን ዘጋ። ገረፉት፣ አልተናገረም። አራት ወር ሙሉ የእርስዎን ስም ሳይጠራ ነው የቆየው፣ አባባ። ማኅተሙን ስለላኩ ራስዎን አይውቀሱ፤ ይልቅስ እንዲህ ያለ ልጅ በማሳደግዎ ይኩሩ።

መተማ ምሽግ ውስጥ መኖሩን እኔ ያወቅሁት በጥር ነው። ውሃ ሊቀዱ ከሚወጡት እስረኞች መካከል በዓይኔ አየሁት፤ እሱም አየኝ፤ ሁለታችንም ፊታችንን አዞርን። ያን ጊዜ ብጽፍልዎ ደብዳቤውን ይከፍቱታል፣ ስምዎንና አገርዎን ያገኙታል ብዬ ፈራሁ። ዝምታዬ ለቅሶ እንደሚያስቀምጣችሁ አላሰብኩም። ይህን ይቅር ይበሉኝ።

አሁን ስለምኖርበት ቤት ልንገርዎ። ባለቤቱ ኡስታ ሽኩር ይባላል። ኡስታ በዚህ አገር ባለሙያ ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ በእውነትም ኡስታ ነው። ሱዳን ውስጥ በምድር ባቡር መጠገኛ ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቶ ወደ አገሩ ወደ መተማ ዮሐንስ ተመለሰ፤ ገበያው ዳር የልብስ ስፌት መኪና፣ ፋኖስና የሸክላ ማጫወቻ ይጠግናል። እኔም ከሱቁ አንድ ጥግ ይዤ ቀለበትና መስቀል እሠራለሁ፤ ለነጋዴዎች ማኅተም እቀርጻለሁ። ስለ ኪራይ ሳነሣበት «ማሌሽ» ይለኛል፤ ተወው ማለቱ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ማሌሽ ሲለኝ ኖረ። ሚስቱ ዘሊካ ትባላለች። በጾም የእኔ ድስት ለብቻው ነው፤ ቅቤ የነካ ማንኪያ ገብቶበት አያውቅም። ምላሷ ግን ሚጥሚጣ ነው። ሠርቼ ያልወደደችውን ቀለበት «ይህ ለዶሮ እግር ነው?» ትለኛለች፤ ክፋቱ ደግሞ ልክ ነች።

ይህ ሽኩር አንዲት ባቡር ነበረችው። እርስዎ ባቡር አላዩም፣ እኔም ትልቁን አላየሁም። እሱ ግን ክንድ ከስንዝር የምታህል፣ ፉርጎ የሌላት፣ ጎታቿን ራሷን ብቻ፣ ከውዳቂ መዳብና ነሐስ በሦስት ዓመት ሠርቷታል። ሆዷ ውስጥ ውሃ ይገባል፤ ከሥሩ የስፒርቶ እሳት ይለኮሳል፤ ውሃው ሲፈላ እንፋሎቱ መንኮራኩሯን ይገፋል። ግቢው ውስጥ በዘረጋላት ሐዲድ ላይ እየዞረች ታፏጫለች፤ የጎረቤት ፍየል ሁሉ ይበረግጋል። በግራና በቀኝ ጎኗ ላይ፣ እንደ ትልልቆቹ ባቡሮች፣ በብሎን የታሰሩ ሁለት የነሐስ የስም ሰሌዳዎች ነበሯት። ሽኩር በራሱ እጅ በዐረብ ፊደል «ዘሊካ» ብሎ ቀርጾባቸዋል። ልጅ የላቸውም። ዘሊካ «ጣውንቴን በስሜ ጠራት» እያለች ለመንደሩ ታማው ነበር፤ ነገር ግን በየጠዋቱ ሰሌዳዎቹን በሎሚና በአመድ እየፈተገች የምታበራቸው ራሷ ነበረች።

የምሽጉ አዛዥ የሆነው ካፒታኖ አንድ ቀን የተሰበረ የሸክላ ማጫወቻ ሊያስጠግን መጣና ባቡሯ ስትዞር አይቶ ልቡ እዚያው ቀረ። ሁለት ጊዜ ሽጥልኝ አለው። ሁለቱንም ጊዜ ሽኩር ሰሌዳውን እያሳየ «ሰው ሚስቱን ይሸጣል ወይ?» ብሎ በሳቅ መለሰው። መቀማት ይችል ነበር፣ ማን ይከለክለዋል? ግን እንፋሎቱን የምትከፍትና የምትዘጋ አውራ ጣት የምታህል ቁራጭ አለች፤ ሽኩር እሷን ነቅሎ ከኪሱ አይለያትም። ያለ እሷ ባቡሯ ድስት ናት።

የካቲት ሊያልቅ ሲል አሥራ አራት እስረኞች መጋቢት ሦስት ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ በካሚዮን ተጭነው ቀይ ባሕር አጠገብ ወዳለ እስር ቤት ይሄዳሉ የሚል ወሬ ተሰማ። ደምለው ከአሥራ አራቱ አንዱ ነበር። ከዚያ እስር ቤት የተመለሰ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። መቅረጫዬን ጥዬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የታሰረ ወንድም እንዳለኝ ለሽኩር የነገርኩት ያን ዕለት ነው፤ እስከዚያ ድረስ በእኔ ጦስ እሱ እንዳይነካ ብዬ ደብቄው ነበር። ሽኩር ሻዩን ጨረሰ፣ ጫማውን አደረገ፣ ወደ ምሽጉ ሄደ። ሲመለስ «ተስማማን» አለኝ።

የተስማሙት እንዲህ ነው። ባቡሯን ከነቁራጯ ይሰጣል፤ ደምለውን ይቀበላል። ካፒታኖው በዚያው እሑድ ለዕረፍት ወደ አገሩ ስለሚሄድ ለልጁ ይዞለት ሊገባ ፈልጓል። አንድ ነገር ብቻ ጨምሯል፤ የድሮዎቹ ሰሌዳዎች ተነቅለው በምትካቸው የልጁ ስም «ሬናቶ» የተቀረጸባቸው እንዲገቡ። ስሙን በራሱ እጅ በወረቀት ጽፎ ሰጠው። እሑድ ጠዋት ሰሌዳው ከሌለ ስምምነቱም የለም።

እግሩ ላይ ልወድቅ ስል በብብቴ ይዞ አነሣኝና «ማሌሽ» አለኝ። ዘሊካም «እሰይ፣ ከጣውንቴ ተገላገልኩ» አለች። ሽኩር ብሎኖቹን መፍታት ሲጀምር ግን ወደ ጓዳ ገባች። ሁለቱ ሰሌዳዎች ሲነቀሉ ተቀብላ በሻሿ ጠቀለለቻቸውና ከሣጥኗ ሥር አስቀመጠቻቸው። ያን ቀን ማንም አልቀለደም።

ሽኩር ለካፒታኖው መንገድ የሚሆን ስፒርቶ ሊያመጣ ሐሙስ ዕለት ከገላባት አልፎ ወደ ሱዳን ዘለቀ፤ ቅዳሜ እመለሳለሁ አለ። ለእኔ አንድ ስስ የነሐስ ቁራጭ ተወልኝ፤ ሌላ ነሐስ በቤቱ አልነበረም። እንግዲህ አባባ፣ እንዴት እንደሠራሁት ይስሙ። እርስዎ እንዳስተማሩኝ አድርጌ ነዋ! ወረቀቱን ጽሕፈቱ በጀርባው እስኪታይ ድረስ ዘይት አጠጣሁት። ፊቱን ወደ ነሐሱ ገልብጬ ለጠፍኩት። መስመሩን ተከትዬ ጠለቅ አድርጌ ቀረጽኩ። ሁለቱን በሁለት ቀን ጨረስኳቸው። ከዚያም በልማዳችን መሠረት ስሕተት እንዳይኖር ብዬ ሰም አለስልሼ አተምኩባቸው። ቁርጥ የካፒታኖው ጽሕፈት! አንዲት ጭረት አልጎደለችም። ለራሴ «የገብረማርያም ልጅ!» ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

እዚህ ላይ ራስዎን ሳይዙ አልቀሩም። መሪጌታ፣ እባክዎ ንባቡን ትንሽ ያቁሙላቸው፤ አባባ ይሳቁ ወይ ይቆጡ።

ማኅተም እንዲታተም ነውና ተገልብጦ ይቀረጻል፤ የስም ሰሌዳ ግን ፊት ለፊት የሚነበብ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲገለብጥ የኖረ እጅ አንድ ቀን እንኳ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቆ አያውቅም። የእኛ ፊደል ቢሆን ዓይኔ ይቆጣኝ ነበር፤ የፈረንጅ ፊደል ስለሆነ ዓይኔም ዝም አለ። ሰም ላይ መሞከሬም ይባስ ብሎ አሞኘኝ። ይህን ስሕተት አንጥረኛ አይሠራውም፣ ጸሐፊ አይሠራውም፤ የማኅተም ቀራጭ ብቻ ነው የሚሠራው።

ሽኩር ቅዳሜ ረፋድ ላይ አቧራ ለብሶ ገባ። እኔ በኩራት አሳየሁት። እሱ የፈረንጅ ፊደል ከባቡር ቤት ያውቃል። ሰሌዳውን አየ፤ ቀና ብሎ እኔን አየ፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለችውን መስተዋት አወረደና ሰሌዳውን ፊቷ ያዘ። «በመስተዋት ለሚያየው ሰው ጥሩ ነው» አለ። እልኸኛነቴን ያውቁታል፤ ነገሩ ሲገባኝ እንኳ ለመከራከር ሞከርኩ። ከስድስቱ ፊደል ሦስቱ ቢገለበጡም ባይገለበጡም ያው ናቸው፣ ስለዚህ ግማሹ ልክ ነው አልኩት። «እንግዲያው ካፒታኖው ግማሽ ወንድምህን ይስጥህ» አለኝ።

በጀርባው እንዳልቀርጽ ነሐሱ ስስ ነው፤ የቆፈርኩት ወደ ማዶ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። ገበያውን ከዳር እስከ ዳር ዞርኩ። የጥይት ቀለሃ አለኝ የሚል ሰው አገኘሁ፤ ግን ቀለሃ ይዞ የተገኘ ሰው ቀጥታ ሄዶ ከደምለው ጎን ነው የሚታሰረው። ባዶ እጄን ተመልሼ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ፤ ጢሜ መሸበት የጀመረ ሰውዬ በገበያ ቀን በሰው ፊት አለቀስኩ። ደምለው እንደሚወጣ ተስፋ አግኝቼ ነበር፤ ያን ተስፋ በገዛ እጄ፣ በምኮራበት እጄ ያጠፋሁት መሰለኝ።

ዘሊካ ከጓዳ ወጣች። ሻሿን ፈትታ ሁለቱን የድሮ ሰሌዳዎች ከመሥሪያዬ ላይ አኖረቻቸው። እነዚያ ከባቡር ዕቃ የተቆረጡ ድፍን ነሐስ ናቸው፤ ወፍራም ናቸው፤ ጀርባቸው ልሙጥ ነው፣ ምንም አልተጻፈበትም። ሽኩር «እነዚህንስ አይሆንም፤ አንድ ነገር እንኳ ይቅርልኝ» አለ። አምስት ዓመት ሳውቀው ድምፁ እንዲያ ሲሆን ሰምቼ አላውቅም። ዘሊካ ግን «ስሜማ እኔው ጋ አለ፤ የትም አይሄድብህ። ነገ የሚሄደው ሰው ነው» አለችው። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረችና «አንተ ደግሞ አሁንም ገልብጠህ ብትቀርጸው ግንባርህ ላይ ነው የምቸነክረው» አለችኝ።

አባባ፣ በቀዳሚት ሰንበት መዶሻ እንዳላነሣ ያስማሉኝን አልረሳሁም። አነሣሁ። ንስሐዬን እቀበላለሁ። በዚህ ጊዜ ዘይት የለም፣ ሰም የለም። ሽኩር ወረቀቱን ፊት ለፊቴ ይዞ ተቀመጠ፤ እያንዳንዱን ፊደል በጣቱ እየነካ «ሆዱ ወደ ቀኝ፣ እግሩ ወደ ቀኝ» እያለ መራኝ። እጄ በልማዱ ወደ ግራ ሲሄድብኝ አንጓዬን ይይዘኛል። ሁለት ቀን የፈጀብኝን ሥራ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረስኩት። የብሎኑ ቀዳዳም አላስቸገረንም፣ የድሮው ራሱ ነዋ። እንዲህ ሆኖ የሬናቶ ስም ወደ ውጭ፣ የዘሊካ ስም ወደ ባቡሯ ሆድ ዞሮ ገባ። ሽኩር የመጨረሻውን ብሎን ከማጥበቁ በፊት ጣቱን ከሰሌዳው ሥር አስገብቶ ፊደሉን ዳሰሰው።

እሑድ በማለዳ ባቡሯን ለሁለት ተሸክመን ምሽጉ በር ደረስን። ካፒታኖው ሰሌዳውን በጣቱ ነካ፤ የልጁን ስም ጮክ ብሎ አነበበና ፊቱ በራ። ለአንድ አፍታ እሱም አባት መሆኑን አየሁ፤ ጠላሁትም አዘንኩለትም። በአስተርጓሚ በኩል ሰሌዳው ለምን ይህን ያህል ወፈረ ብሎ ጠየቀ። ሽኩር ረጋ ብሎ «ለልጅ ስም ስስ ነሐስ አይሆንም» አለ። ካፒታኖው ራሱን ነቀነቀ። ሽኩር እሳት ለኩሶ አሠራራቷን አሳየው፤ ቁራጯንም ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ሲሰጠው አላመነታም። እኔ ብሆን አመነታ ነበር፤ እውነቱን ልንገርዎ።

እስረኞቹ ሁለት ሁለት ሆነው በገመድ ተጣምረው ከካሚዮኑ አጠገብ ተሰልፈዋል። አስካሪው «ደምለው!» ብሎ ተጣራ። መልስ የለም። ደግሞ ተጣራ። መልስ የለም። ሁሉም ፀጉሩ አድጎ፣ አቧራ ለብሶ፣ ከስቶ አንድ ዓይነት ሆኗል፤ ከመካከላቸው የትኛው ወንድሜ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ካፒታኖው ሰዓቱን አየ። ነጠላዬን ነክሼ እመቤቴን ጠራኋት። በሦስተኛው ጥሪ አንዱ እየተንገዳገደ ወጣ። ሄጄ ክንዱን ስይዘው በእጄ የገባው አጥንት ብቻ ነው። እሱም አላወቀኝም፤ «ወዴት ነው የምትወስደኝ?» አለኝ። «ወደ ቤት» ብዬው ለቅሶ ቀደመኝ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሊሞላ ነው። ወባው እያንቀጠቀጠ፣ ግርፋቱ እያመረቀዘ፣ ሁለት ጊዜ ሞተ ብለን ነበር። ሽኩርና ዘሊካ አልጋቸውን ለቀውለት መሬት ተኙ። ዘሊካ የሥጋ ሾርባ ልትሰጠው ፈልጋ «የታመመ ሰው ጾም ይፈታ የለም ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ያ ግትር ግን በሑዳዴ አልበላም አለ። አልተቆጣችውም። ሰሊጥ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በውሃ በጥብጣ፣ ማር ጨምራ በማንኪያ ታጠጣው ነበር። አሁን ግድግዳ ይዞ ይራመዳል። ሐዲዱ ግቢው ውስጥ እንደተዘረጋ ነው፣ ሽኩር አላነሣውም። የተገለበጡትን ሰሌዳዎቼን ደግሞ ሱቁ በር ላይ ሰቅሎ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ «ይህን የሠራው ያ ጥግ ያለው ነው» እያለ ያሳያል። ይሳቅብኝ። ዕድሜ ልኩን ይሳቅብኝ!

አባባ፣ በልጅነቴ መስመር በሳትኩ ቁጥር ጣቴን በማስመሪያው ሲመቱኝ አኩርፌ፣ በኋላም አኩርፌ ከቤት መውጣቴን አልረሱትም። ዛሬ ይህን እላለሁ፤ በግማሽ ቀን ሁለት ሰሌዳ የሚያወጣ እጅ የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። የተሳሳትኩትም በእርስዎ ትምህርት ነው፣ ወንድሜን ያወጣሁትም በእርስዎ ትምህርት ነው። ሁለቱንም አመሰግንዎታለሁ። ኩርፊያዬ አልቋል።

አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ሽኩርንና ዘሊካን በጸሎትዎ ያንሱልኝ። መሪጌታ ሰጠኝ የእነሱ ስም በቅዳሴ አይጠራም ካሉ፣ አልከራከራቸውም። እርስዎ ግን ጠዋት ፊትዎን ታጥበው ደጃፍ ላይ ሲቆሙ፣ በራስዎ አፍ ይጥሩልኝ። ልጅ እንዲሰጣቸው ይለምኑላቸው። ካልሰጣቸውም እኔና ደምለው አለንላቸው።

ፋሲካን እዚሁ ፈስከን፣ ደምለው ኃይል ካገኘ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ከሐሚድ ግመሎች ጋር ይወጣል። እኔም እስከ ጭልጋ እሸኘዋለሁ።

ለእምዬ የሻረግ ጉልበቷን ስሜ ሰላም እላለሁ፤ ልጅሽ በልቶ ማደር ጀምሯል ይበሏት። ለእታለም ካሰች ሰላም፤ ጠጉሯን ለወንድሟ ተላጭታ ከሆነ ሲያድግ የሚሆን የብር የጠጉር መርፌ እየሠራሁላት ነው። ለአክስቴ አየሁሽ ሰላም፣ ለሳሏ የሚሆን የሱዳን ከርከዴ በሐሚድ እጅ ልኬላታለሁ። ለመሪጌታ ሰጠኝ ሰላም፤ ስላነበቡልን ዋጋዎን ፈጣሪ ይክፈል። ለቅሶ ለደረሳችሁ ጎረቤቶች በሙሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ፤ ለደስታውም እንዲሁ ኑልን። ሽኩርና ዘሊካም እጅ ይነሣሉ።

ልጅዎ ሸጋው ገብረማርያም
መተማ ዮሐንስ፣ መጋቢት ፳፩ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ከዚህ በታች ያለውን ደምለው ልጻፍ ብሎ በራሱ እጅ ጽፎታል።

አባባ፣ እምዬ፣ እኔ ነኝ። ከሕመሜ ገና ስላልተነሣሁ በፊደሌ አትፍረዱብኝ። ሸጋው ሁለት ጊዜ ተጠርቼ ዝም ማለቴን ጽፏል። ለምን እንደሆነ ጠይቆኝ አልነገርኩትም፤ በቃል አልወጣ ስላለኝ ነው። ከዚያ በፊት ስማቸው የተጠራ ሰዎች ወደ ግንቡ ጀርባ ሄደው አልተመለሱም። እኔም ለዚያ የተጠራሁ መስሎኝ ምላሴ ተያዘ። ከእኔ ጋር በአንድ ገመድ የተጣመረው የቋራ ሰው ነበር፣ አገሩ ገለጉ። እሱ ግን ውሃ ስንቀዳ በዓይን አሳይቼው ስለነበር በሩ ላይ ሸጋውን ለይቶታል። በጆሮዬ «ወንድምህ ቆሟል፤ ሊያስወጡህ ነው፣ አቤት በል» አለኝ። አስካሪው ማንኛችንንም በመልክ አያውቅም። እኔ ዝም ባልኩበት ጊዜ እሱ አቤት ቢል ኖሮ የሚወጣው እሱ ነበር፤ ይህንንም ያውቃል። ቋጠሮውን በጥርሱ ፈታልኝና በትከሻው ገፋኝ። ዞሬ ሳይ ካሚዮኑ ላይ እየወጣ ነበር። እስር ቤት ውስጥ የአባት ስም አይጠየቅም፤ ሰው ሲገረፍ ያላወቀውን አያወጣምና። ስለዚህ አባባ፣ ሸጋው ያላቸውን ሁለት ሰዎች ሲጠሩ ያን የቋራ ሰውም ያንሱልኝ። የክርስትና ስሙን አላውቅም፣ የአባቱንም ስም አላውቅም፤ ውባንተ ብቻ ይበሉልኝ።